የአጎት እጅ በሰፊ ሌንስ

«አላውቅም» የሚል ሐበሻ ካጋጠማችሁ አደራ አስተዋውቁኝ። እኔ እስካሁን አላገኘሁም። ከአገር ስንወጣ ኤርፖርት ላይ በርበሬውን አሳልፈው ይህችን ቃል የወረሱብን ይመስለኛል። ሎስ አንጀለስ የሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ ቆማችሁ ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ጠይቁ፣ መልስ አለ። ስለ ሰርጓጅ መርከብ ጠይቁ፣ ቢያንስ ሁለት መልስ አለ፤ ሁለቱ መላሾችም እዚያው ይኳረፋሉ። ግብር፣ የጥርስ ሕመም፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ የመኪና ካምቢዮ፣ ሁሉም ከማኪያቶው ጋር በነፃ ይቀርባል። ምክሩን ሰምቶ የተጎዳ ሰው ተመልሶ ቢመጣ ደግሞ መካሪው «እኔ እኮ እንደዚያ አላልኩም» ብሎ ስኳሩን ያማስላል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ የጠየቅሁት። ያውም ምን ብዬ? በረዶ ላይ የሚዘል ሰው ፎቶ ለማንሳት የትኛው ሰፊ ሌንስ ይሻላል ብዬ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከራሴ ልጀምር። በሥራ ቀን ዌስትቼስተር ካለ አንድ ሆቴል ወደ ኤርፖርት እንግዳ የማመላልስ ሾፌር ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሐበሻ ሠርግ ፎቶ አነሳለሁ። ስለ ሰፊ ሌንስ የማውቀውን ያህል ያወቅሁት ከዚሁ ከሠርግ ነው፤ ያወቅሁትም በመከራ ነው። በእኛ ሠርግ «አሁን ቤተ ዘመድ ይነሳ» ከተባለ ሙሽሮቹ ይረሳሉ። «እሷስ? ጥሯት እንጂ»፣ «ኧረ እሱም ይግባ»፣ «ምነው ጎረቤት ዘመድ አይደለም እንዴ» እየተባለ አዳራሹ በሙሉ ይሰለፋል። አንዴ መኪና የሚያቆመው ሜክሲኳዊ ሳይቀር ገብቶ ተነስቷል፤ አልበሙ ውስጥ እስከ ዛሬ ፈገግ ብሎ አለ። ያን ሁሉ ሕዝብ ለማስገባት ወደ ኋላ ብትሸሹ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል። ሰፊ ሌንስ ማለት ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ ከግራ ግድግዳ እስከ ቀኝ ግድግዳ የሚያይ ዓይን ነው።

ግን አመል አለው። ቅርብ ያለውን ያገዝፋል፣ ሩቅ ያለውን ያኮስሳል፣ ዳር የቆመውን ደግሞ ይለጥጣል። የአንዱ ሙሽራ አክስት ቦታ አልተሰጠኝም ብለው አኩርፈው ዳር ቆሙ። ፎቶው ሲታተም ሴትዮዋ ብቻቸውን የሁለት ሰው ቦታ ይዘዋል። አይተው «ይሄን ልጅ ምን በድዬው ነው?» አሉ አሉ። ያ ቤተሰብ እስካሁን ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ቲማቲም እንደሚመርጥ ሰው አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ወዲህ ሰፊ ሌንስ የሚባል ነገር ሲነሳ ወሬ እቀይራለሁ።

አሁን ወደ በረዶው እንሂድ። የእህቴ የአስቴር ልጅ ሜሮን ትባላለች። ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እዚህ ያለን ሰዎች ልጆቻችንን ፒያኖ እናስተምራለን፤ በጣም ከደፈርን እግር ኳስ። ይህች ግን ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተራራ ወጥታ ስኖውቦርድ ለምዳ ተመለሰች። ስኖውቦርድ ማለት ሁለት እግርን ከአንድ ጣውላ ጋር አስሮ ከተራራ ቁልቁል መለቀቅ ነው። ድሮ ይህን ለማድረግ ጠላት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ሰው በገዛ ፈቃዱ ተሰልፎ ይለቀቃል።

ስፖርቱን አልወደውም፤ ለምን እደብቃለሁ? ሎስ አንጀለስ ማለት ሰው ብርድ ሸሽቶ የሚመጣበት ከተማ ነው። ሚኒሶታ ያሉ ዘመዶቻችን በየክረምቱ እየደወሉ «እናንተስ ታድላችኋል» ይሉናል። የታደለው ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ቅዳሜ ጠዋት ከሞቀ አልጋው ተነስቶ፣ ተራራ ለተራራ ነድቶ፣ ብርድ ፍለጋ ይሄዳል። ያውም በዚያ የድርቅ ዘመን። ደጃችን ያለውን ሣር ውሃ አታጠጡ ተብለን ሣሩ እንደ ገለባ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ ተራራው ላይ በረዶ የሚሠራ ማሽን ቀን ከሌት ይተፋ ነበር። ሰማይ እምቢ ያለውን በረዶ በማሽን ሠርተው፣ እላዩ ላይ ወድቀው፣ ክንዳቸውን ሰብረው ይመለሳሉ። ከዚያ በጄሶው ላይ ጓደኛ ያስፈርማሉ። ስልጣኔ ይሏችኋል ይሄ ነው።

ከእህቴ ከአስቴር ጋር በዚህ እንኳ አንድ ነን። ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ትንከባከባለች፤ የተሰበረ ሰው በየቀኑ ታያለች። ጸሎተኛ ጴንጤ ናት። ልጅዋ ተራራ በወጣች ቁጥር ትጾም ነበርና ያን ክረምት ልብሷ ሁሉ ሰፋት። በመጨረሻ እናትና ልጅ ተካረሩ፤ መነጋገር አቆሙ። ሽማግሌ ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ። እንዲህ አስታረቅኋቸው። ተራራው ላይ የወጣቶች ቡድን አለ፤ ለሚቀጥለው ክረምት አዳዲስ ልጆች ይመርጣል። ሜሮን ከተመረጠች ትቀጥላለች፤ እናትዋም ሳታጉረመርም ትሸኛታለች። ካልተመረጠች ጣውላው ይሸጣል፤ የበረዶ ነገር በዚያ ቤት ሁለተኛ አይነሳም። ሁለቱም እፊቴ ተጨባበጡ። አስቴር ፈገግ ብላ ነበር የጨበጠችው፤ አይመርጧትም ብላ ተማምናለች። ሜሮን ግን የጨበጠችው ዓይኗን ጥግ ከቆመው ጣውላ ሳታነሳ ነበር። ያቺ ልጅ ያን ጣውላ ካጣች ምን እንደምትሆን ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ቡድኑ ለምርጫ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ፎቶ ነው። ልጅቷ አየር ላይ ሆና፣ ፊቷም፣ ትሪክ የሚሉት የአየር ላይ ጥበቧም፣ ከኋላዋ ያለው ተራራም ጥርት ብሎ የሚታይበት አንድ ፎቶ። ማን ያንሳ? ሽማግሌው። ወሩ መጋቢት ነው፤ ከበረዶ የተከመረው መዝለያ በፀሐይ እየቀለጠ ነው፤ ከመፍረሱ በፊት የቀረው አንድ ቅዳሜ ብቻ። ደግነቱ ሁዳዴ ስለሆነ ሠርግ የለም፤ ሰበብ አጣሁ።

እዚህ ላይ ነው ጠረጴዛው የሚመጣው። ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ባንዱ፣ መስኮቱ ሥር፣ እሁድ ከሰዓት የማይጠፉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ጋሽ ተሾመ ናቸው። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበሩ። በሕይወታቸው ካሜራ ይዘው አያውቁም፤ ካሜራ የያዘ ሰው ግን «ቀኝ ዙር፣ ጎንበስ በል» ብለው አዝዘዋል፤ ይህም ሙያ ነው ይላሉ። ሁለተኛው ሳሚ ነው፤ የታክሲ ሾፌር። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ በስልኩ ስለ ካሜራ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን ያያል። ሌንስ የለውም፣ ካሜራም የለውም፤ ስለ ሌንስ ያላየው ቪዲዮ ግን የለም። ሁለቱም በረዶ የሚያውቁት ከፍሪጅ ነው።

ጥያቄዬን ሳልጨርስ ጋሽ ተሾመ እጃቸውን አነሱ። ሰፊ ብሎ ነገር የለም፣ ረጅሙን፣ ከሩቅ የሚያቀርበውን ሌንስ ነው የምትይዘው፣ አሉ። ፎቶ አንሺ ከባለ ጉዳዩ ጋር አይጋፋም፤ ከሩቅ ቆሞ፣ ክብሩን ጠብቆ ነው የሚያነሳ። እሳቸው ዘንድ የነበረው ፎቶ አንሺ ሚኒስትር ሲያነሳ ከአበባው አጥር ወዲህ ዝር ብሎ አያውቅም። ሳሚ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ሊሰን ያድርጉኝ፣ ይሄ ስፖርት ነው። በረጅሙ ዙም ካደረገ ማውንቴኑ የለም፣ ስካዩ የለም። ሶ በጣም ዋይድ የሆነውን፣ አሥራ አራት ሚሊሜትሩን ነው ዩዝ ማድረግ ያለበት» አለ። ጋሽ ተሾመ የአክስትየዋን ታሪክ ያውቃሉና «ሰው የሚለጥጠውን? ልጅቷን ሊጥ ሊያስመስላት?» አሉ። ሳሚም የሚለጠጠው ዳር ያለው ነው፣ እሷን መኻል ያስገባታል አለ። ጋሽ ተሾመ የሚበር ሰው እንዴት ነው መኻል ቁም የሚባለው አሉ። እውነቴን ነው፣ ይቺ ጥሩ ጥያቄ ነበረች፤ መልሱን ሳይጠብቁ ግን ወደ ሚኒስትሩ ተመለሱ።

ድምፅ ከፍ ሲል የጎረቤት ጠረጴዛ ወንበሩን አዞረ። የሚያስተናግደን ልጅ ሳይቀር የትሪውን ጫፍ ደረቱ ላይ አስደግፎ ሐሳብ ሰጠ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ ቤት ሙሉ ሰው ተሰልፎ ሲለቅም ያየሁት ያን ቀን ነው። አንዱ ስለ ስዊዘርላንድ አወራ። ሌላው የወንድሙ ልጅ በረዶ የማያጣው ዴንቨር እንደሚኖር ነገረን፤ ዴንቨር መኖሩ ስለ ሌንስ ምን እንደሚያስረዳ አልገባኝም፣ ሌሎቹ ግን በአክብሮት ሰሙት። በመጨረሻ አንድ ደርባባ ሰው፣ ስማቸውን እንኳ አላውቅም፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ። ወንድሞቼ፣ አሉ፣ ለዚች ነገር መቀያየም አይገባም። ረጅሙም ይቅር፣ ሰፊውም ይቅር፣ መካከለኛውን ይያዝ።

አያችሁልኝ? ሌንስ በሽምግልና ተፈረደልኝ። ሁሉም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ። ጋሽ ተሾመና ሳሚ ተነስተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። መካከለኛ ሌንስ ማለት ልጅቷንም በደንብ የማያሳይ፣ ተራራውንም በደንብ የማያሳይ ማለት ነው፤ ግን ማንንም አያስቀይምም። ስንቱን ነገራችንን በዚህ ዓይነት ሌንስ እንዳየን አስቡት።

ለሜሮን ደውዬ የሸንጎውን ውሳኔ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ኦኬ ጋሼ፣ ሌንሱን ለጊዜው ተወው። አንተ ራስህ የት ነው የምትቆመው?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህችን አንድ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ራሴም አልጠየቅሁም። እሷ እንደነገረችኝ፣ ቆሜም አይደለም፤ ከመዝለያው ጫፍ በታች፣ ወደ ጎን ብዬ፣ በረዶው ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ። እሷ በላዬ ታልፋለች። «በጣም ክሎዝ ነኝ ጋሼ፣ ልትነካኝ ምንም አይቀርህም። ሶ ዋይድ መሆን አለበት። ከሩቅ በዋይድ ካነሳኸኝ ነጥብ ነው የምሆነው። ከቅርብ ከሆነ ግን እኔም አለሁ፣ ማውንቴኑም አለ።» ሳሚ እንደ ድንገት ትክክል መሆኑ በጣም አናደደኝ። ቢሆንም ያንን ሰው የሚለጥጥ አሥራ አራት ተከራየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻችንን የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ሐበሻ መክሮ ዝም አይልም፤ ምክሩ ሥራ ላይ ሲውል ቆሞ ማየት አለበት። ጋሽ ተሾመ ካፖርትና ባርኔጣ አድርገው በሳሚ ታክሲ መጡ፤ «ልናግዝህ ነው» አሉኝ። አስቴርም መጣች። ከመኪና አልወርድም ብላ፣ ማሞቂያውን አስነስታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ፓርኪንጉ ውስጥ ቀረች። ሁለቱ አጋዦቼ ትኩስ ቸኮላት የሚሸጥበት አጥር ጋ ቆሙ፤ ከዚያ አልፈው አንድ እርምጃ አልመጡም። ከዚያ ሆነው ግን በእጅ ምልክት ያዝዙኝ ነበር። ጋሽ ተሾመ በተደጋጋሚ ወደ ኋላ እንድሸሽ ያመለክቱኛል። በጀርባው የተኛ ሰው ወዴት ነው የሚሸሸው?

የመጀመሪያው ዝላይ መጣ፤ ቀጨጭ አደረግሁ። ሳየው ልጅቷ አለች፣ ተራራው አለ፣ ከሁለቱም የሚበልጡ ሁለት ጥቁር የሠርግ ጫማዎች አሉ። የእኔ ናቸው። ሰፊ ሌንስ እኮ የራሳችሁን እግር ሳይቀር ያሳብቃል። እግሬን አጥፌ ጠበቅሁ። በሁለተኛው ዝላይ ጣውላዋ የረጨው በረዶ የሌንሱ መስተዋት ላይ ተከመረ፤ ያነሳሁት ነጭ ግድግዳ ነው። ያንን በመሐረብ ስወለውል፣ ባትሪው በብርዱ ሲደክምብኝ፣ ብብቴ ሥር ከትቼ ሳሞቀው ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች። መዝለያውን የሚጠብቀው ሰው መጥቶ በትሕትና አንድ ዙር ብቻ ቀርቷል፣ ከዚያ እንዘጋለን፣ ለዘንድሮም አበቃ አለን። ሜሮን ከላይ ሆና አየችኝ። ሩቅ ብትሆንም አስተያየቷ ገባኝ፤ ጋሼ ይቺን እንዳታበላሻት ነው።

ካሜራውን አንዴ ሲጫኑት ደጋግሞ እንዲያነሳ አድርጌ በቀኝ እጄ ያዝኩት። ግራ እጄ ጓንት አልነበረውም፤ መስተዋቱን ስወለውል አውልቄዋለሁ። ብርሃኑ ወርቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። መጣች፤ ከጫፉ ላይ ተነሳች፤ በላዬ ሆነች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሳነሳ እንዲህ ያለ ነገር መስተዋት ውስጥ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ድንገት ጉልበቷ ታጠፈ፣ ጎኗ ዘመመ፣ ራሷ ወደ ታች መጣ። ወደቀች።

«እኔን!» አልኩ።

እስቲ ስለዚህች ቃል ትንሽ ላውራ። ፈረንጅ ሰው ሲደናቀፍ ቢያይ ከወንበሩ ሳይነሳ «ደህና ነህ?» ይላል፤ ደህና ያለመሆኑን እያየ ነው የሚጠይቀው። እኛ ግን «እኔን» ነው የምንለው፤ አንተ ከምትወድቅ እኔን ይድፋኝ ማለት ነው። ቃሏ ከአፍ ሳትወጣ እጅ ቀድሞ ይዘረጋል። ለእንቅፋት ምትክ ሆኖ የሚቀርብ ከእኛ ሌላ ሕዝብ ካለ ንገሩኝ። እርግጥ ለእንቅፋት ነው። ቤት ልቀይር ነውና ፍሪጅ አውርዱልኝ ስትሉ ግን «እኔን» የሚል አንድም ሰው የለም፤ ስልኩም አይነሳም።

እኔም ግራ እጄን ወረወርኩ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ በቀኝ እጄ የሰው ሌንስ ያለው ካሜራ ይዤ፣ ከላዬ የምትበርን ኮረዳ ከነጣውላዋ በአንድ መዳፍ ልቀልብ። ቀኝ ጣቴ ደግሞ በድንጋጤ ተጭኖ ቀርቷል፤ ካሜራው ያነሳል፣ ያነሳል። ከፓርኪንጉ ደግሞ የአስቴር ጩኸት ይሰማኛል፤ በመኪናው መስኮት ታይ ነበር ለካ።

ሜሮን አልወደቀችም። እንደ ድመት አረፈች፣ ተንሸራታ ወረደች፣ ጣውላዋን ፈትታ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ ምንድነው የሆንከው?» አለችኝ። ልትወድቂ ነበር እኮ አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና «መውደቅ አይደለም፤ እሱ እኮ ነው ትሪኩ» አለች። ጉልበቷን የምታጥፈው፣ የምትዘመው፣ ጎንበስ ብላ ጣውላዋን በእጇ የምትይዘው፣ ሁሉም ወር ሙሉ የተለማመደችው ጥበብ ነው። በእኔ ዓይን መውደቅ ነበር። ልጅቷ በረዶውን ከጣውላዋ ላይ ማራገፍ ጀመረች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ካሜራው ከደጋገማቸው ሁሉ እሷ የምትታይበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱን አየነው። መዳፍ ነው። ከአድማስ እስከ አድማስ መዳፍ። ሰፊ ሌንስ ቅርብ ያለውን ያገዝፋል ብያችሁ የለ፤ የእኔ ግራ እጅ ተራራውን አህሎ፣ አምስት ጣቱን በርግዶ፣ ፀሐይዋ ከኋላው እያበራችበት ዳር ዳሩ ፍም መስሏል። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መኻል ሜሮን አለች፤ ወደ ታች እያየች፣ አፏ ተከፍቶ። ፊቷ ይታያል፣ ተራራው ይታያል። ትሪኩ ግን፣ ያ የተለፋበት ትሪክ፣ ከአውራ ጣቴ ጀርባ ነው።

አጋዦቼ ቸኮላታቸውን ጨርሰው መጡ። ጋሽ ተሾመ መነጽራቸውን አድርገው አይተው «ረጅሙን ብዬህ ነበር» አሉ። ሳሚ ደግሞ «ሌንሱ ፐርፌክት ነው፤ ፕሮብሌሙ እጁ ነው» አለ። እኚያ መካከለኛውን የፈረዱት ደርባባ ሰው እንኳ በኋላ ወሬው ደርሷቸው «የሰው ምክር አልሰማ ብሎ» ብለው አዝነዋል አሉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ የሚለው ተረት የተሠራው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ሜሮን ከጫማዬ በቀር ሌላ ፎቶ የላትምና ያንኑ ላከች። መልሱ ብዙም አልቆየም። ፎቶው በጣም ልዩ ነው፣ ግን አመልካቿ የሠራችው ነገር በማይታወቅ ሰው ጣት ስለተሸፈነ መፍረድ አልቻልንም፤ ለከርሞ ሞክሪ የሚል ነበር። በማይታወቅ ሰው ይላሉ ደግሞ። አስቴር መልሱን ሰምታ አላፌዘችም፤ ልጅዋን አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ጣውላውን አንስታ በረንዳ ላይ አወጣችው። ውል ውል ነው፣ ሽማግሌውም ምስክር ነው አለችኝ። እኔ ምን አፍ አለኝ? ራሴ ያስታረቅሁትን ራሴ በአውራ ጣቴ አፍርሼዋለሁ።

ልጅቷ ግን የዋዛ አይደለችም። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ያንን ፎቶ ትልቅ አድርጋ አሳትማ የእናትዋ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። «ማሚ፣ እዚያ ላይ ሆኜ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ሉክ ሳደርግ ይሄ እጅ ተዘርግቶ አየሁ። ፍርሃቴ ሁሉ ሄደ» አለቻት። ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረችም። አንዱም ውሸት የለበትም። አስቴር ፎቶው ፊት ቆመች። እንባዋ መጣ።

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባኝ ደንግጬ ሄድኩባት። አስቴርዬ፣ የእኔ እጅ ነው እኮ፣ ቀለበቴን አታይም ወይ አልኳት። «አያለሁ፣ ዕውር አይደለሁም» አለች። ታዲያ? «ጌታ በአህያ አፍ ከተናገረ በአንተ እጅ መሥራት ያቅተዋል?» አለችኝ። ምንም አልያዝኩም፣ ጫፏንም አልነካሁም ብዬ ማልኩላት። «ወደቀች?» አለችኝ። አልወደቀችም አልኩ። «በቃ» አለች። ሰው እንዲህ ከተከራከረ ጠበቃም አይመልሰውም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኗ ልትመሰክር ተነሳች። እኔን ጠራችኝ፣ ጋሽ ተሾመንም ጠራቻቸው፤ እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ግን በኋላ ምሳ አለ ተብለዋል። ፎቶው መዝሙር በሚጻፍበት ትልቁ መጋረጃ ላይ ወጣ። አንድ ሺህ ጊዜ የታጠብኩት ግራ እጄ ከወለል እስከ ጣሪያ። ሕዝቡ እልል አለ። አስቴር ልጇ እንዴት አየር ላይ እንደዘመመች፣ እጅ እንዴት እንደተዘረጋ ተናገረች። ልብ አድርጉ፣ «እጅ» ነው ያለችው፤ የማን እንደሆነ አልተናገረችም። መልአኩን የጨመረው ሕዝቡ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ አሮጊት «ጣቱን አየሽው፣ ብርሃን ለብሶ» ይላሉ። እኔ ግራ እጄን ከነቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ዝም አይነቅዝም።

መጋቢው አሜን ካስባለ በኋላ እኚያው አሮጊት አስቴርን ይዘው ልጅቷ መቼ ነው ደግሞ የምትወጣው አሏት። አስቴር ትንሽ ተንተባተበች። አሮጊቷ «እሱ የያዘውን አንቺ እንዳትከለክዪ» አሏት፤ ዙሪያዋን የቆመው ሁሉ «አሜን» አለ። ምን ትበል? በስንት ሰው ፊት መስክራ፣ እጁ የያዘውን ጣውላ ሂዳ ልትሸጠው ነው? ያን ዕለት ማታውኑ ጣውላው ከበረንዳው ገባ። ለከርሞ ክረምት ሲመጣ ልጅቷ ትሄዳለች፤ ሌላ ፎቶም ትልካለች። ያኔ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሜሮን ከመዘምራኑ ወንበር ዞር ብላ አየችኝና አንድ ዓይኗን ጠቀሰችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ከዚያ ሁሉ አዋቂ መሐል ሥራውን የሠራችው አንዲት የማታውቀውን የማታወራ ልጅ ናት።

ይህን እያሰብኩ ጋሽ ተሾመ ክርናቸውን ጎኔ ላይ አሳረፉ። እዚያ አጥር ሥር ቆመው እኔ በጀርባዬ ስንፈራገጥ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው፤ ሳቅ መስሎኝ ጆሮዬን ሰጠኋቸው። መጋረጃውን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ በጣም አዝነው፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«እንግዲህ አየህ፣ ረጅሙን ሌንስ ይዘህ ቢሆን ኖሮ መልአኩ ሙሉውን ይገባ ነበር።»